ባቡሩም ሽቦውም የሚያልፍባት ድሬዳዋ

ድሬዳዋ ላይ መብራት ሲሄድ ጨለማ ብቻ አይደለም የሚመጣው። ቬንትሌተሩ ይቆማል። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ወተት ይበላሻል። ቆየት ካለ ደግሞ ቧንቧው ይደርቃል። ከተማዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ውሃውን ከጉድጓድ የሚስበው ፓምፕ ደግሞ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ለዚህ ነው በድሬ የመብራት ጥያቄና የውሃ ጥያቄ አንድ ጥያቄ የሚሆነው።

የሚያስቆጨው፣ ይህች ከተማ ኃይል የሚያልፍባት መሆኗ ነው። ለጅቡቲ የሚሸጠው ኤሌክትሪክ በድሬዳዋና በአዲጋላ በኩል ድንበር መሻገር ከጀመረ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡርም የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው።

ድሬ መተላለፊያ መሆን ምን እንደሚያመጣ ከማንም በላይ ታውቃለች። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ከብዶት ከሥሩ ሲቀር ነው የተወለደችው፤ የመጀመሪያ ስሟም አዲስ ሐረር ነበር። ከተማ ያደረጋት ግን የሚያልፈው ባቡር ብቻ አልነበረም። ባቡሩ የሚጠገንበት ዎርክሾፕ፣ እዚያ የተማረው ባለሙያ፣ በዙሪያው የተከፈተው ሱቅና ፋብሪካ ነው ያቆማት። አሮጌው ባቡር ሲዳከም ይህ ሁሉ አብሮ ተዳከመ። ከተማን የሚያሳድገው የሚያልፍባት ሳይሆን የሚቀርላት ነው።

አሁን ሁለተኛ ዕድል መጥቷል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ። የአገሪቱ የመጀመሪያው ነጻ የንግድ ቀጠናም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. እዚሁ ተመርቋል። ነገር ግን ፋብሪካ ሊተክል የሚመጣ ሰው በሪባን ቆረጣ አይረካም። ማሽኑ ሳይቆም ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ይጠይቃል።

«የሕዳሴው ግድብ አልቋል፣ ምን ቀረ?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ሆኖም ማመንጨት አንድ ነገር ነው፣ ማድረስ ሌላ። ዓባይ ላይ የመነጨ ኃይል ሳቢያን ወይም መጋላ ለመግባት የሰፈሩ ትራንስፎርመርና ያረጀው ሽቦ መሸከም አለባቸው። እነሱ ከተቃጠሉ ግድቡ ቢሞላም ቤቱ ጨለማ ነው።

እዚህ ላይ ነው የበረሃዋ ንግሥት ፀሐይ ቁም ነገር የምትሆነው። ጣሪያ ላይ የተተከለ ፓነል ኃይሉን የሚሰጠው እዚያው ጥቅም ላይ በሚውልበት ቦታ ነው፤ ረጅም ሽቦ አይፈልግም። ፀሐይ የምትበረታው ፋብሪካ በሚሠራበት በቀን ነው። በበጋ የግድቦች ውሃ ሲቀንስም እሷ አትቀንስም። ነፋሱም ሩቅ አይደለም፤ በጅቡቲ መንገድ አይሻ ላይ ለ120 ሜጋ ዋት የታቀደ የነፋስ ኃይል ጣቢያ አለ።

ፓነል ዶላር ይጠይቃል የሚለው ቅሬታ ተገቢ ነው። ግን ጄኔሬተርም ዶላር ይጠይቃል፣ ነዳጁ ደግሞ በየቀኑ። ስለዚህ በአንዴ ሁሉንም ማለት ሳይሆን ቅደም ተከተል ያስፈልጋል። መጀመሪያ የውሃ ጉድጓዶቹ፦ ፓምፑ ቀን በፀሐይ ስቦ ማጠራቀሚያውን ከሞላ፣ ማታ መብራት ቢሄድም ቧንቧው አይደርቅም። ቀጥሎ የፓርኩና የነጻ ቀጠናው ሰፋፊ የሼድ ጣሪያዎች። ከዚያ ጎን ለጎን የሰፈር ትራንስፎርመሮች።

ድሬዳዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ነው፤ የመብራት ድርጅቱም የፌዴራል ነው። በሁለቱ መካከል «የእኔ ሥራ አይደለም» የሚባል ክፍተት ሊኖር አይገባም። አስተዳደሩ የትኛው ጉድጓድ መቼ በፀሐይ እንደሚሠራ ቀን ቆርጦ ለነዋሪው ይንገር። ነዋሪውም ቀኑን ይዞ ይጠይቅ።

ጄሪካን ይዛ ለምትሰለፍ እናት የሜጋ ዋቱ ቁጥር ምኗም አይደለም። እሷ የምትጠብቀው ቧንቧው ሲንጠባጠብ መስማት ነው።