ጠረፉን የሚያከራየን ማን ነው?

ጎንደር ፒያሳ ተቀምጦ ቡና የሚጠጣ ሰው፣ ዙሪያውን የከበቡት የጣሊያን ሕንጻዎች የሩቅ መነሻቸው አንድ የጠረፍ መሬት ሽያጭ መሆኑ ትዝ የሚለው አይመስለኝም። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጻፍ።) በኖቬምበር 1869 ጁሴፔ ሳፔቶ የተባለ የቀድሞ ሚሲዮናዊ፣ ለሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ ብሎ አሰብ ላይ ከአካባቢው ሱልጣኖች መሬት ተዋዋለ። የስዊዝ ቦይ ሊከፈት ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር፤ ሰውየው ገበያ ያውቃል። ግብጽ ግን «ግዛቴ ነው» አለች፤ ክርክሩም ለዓመታት ተጓተተ። በ1882 የጣሊያን መንግሥት ቦታውን ከኩባንያው ተረከበ፣ በ1885 ምጽዋን ያዘ፣ በ1890 ኤርትራን ቅኝ ግዛቴ ብሎ አወጀ። ለወረራው ሽያጩ ብቻውን ምክንያት አልሆነም፤ በሩን ግን ከፈተ። የጣሊያን ጦር መጨረሻም እኛ ደጋ ላይ ሆነ፦ በ1941 ቀድሞ ወልቅፊት፣ ቀጥሎ ጎንደር።

አሁን ተከራዩ እኛ ነን። በጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፤ የዚያን ጊዜው ፕሬዚዳንቷ ሙሴ ቢሂ እንደተናገሩት 20 ኪሎ ሜትር ጠረፍ ለ50 ዓመት በኪራይ። ሳምንት ሳይሞላ የሶማሊያው ፕሬዚዳንት ሰነዱን ውድቅ የሚያደርግ ሕግ ፈረሙ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር አንካራ ላይ የተደራደርነው ከሞቃዲሾ ጋር ነው፤ ሐርጌሳ በጠረጴዛው ዙሪያ አልነበረችም።

ባሕር መፈለጋችንን አልነቅፍም። የማይዋጥልኝ ስለ ኪሎ ሜትሩና ስለ ዓመቱ ስንጨፍር የአከራዩን ማንነት መዝለላችን ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን ጎንደር መሬት በወርቅ ሲሸጥ፣ ሻጭ፣ ገዥ፣ ዋጋና ምስክር በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ባዶ ገጽ ላይ ይሰፍሩ ነበር። ምስክር የሚደረደረው ለጌጥ አልነበረም፤ ነገ «ይገባኛል» ባይ ቢነሳ መልስ እንዲኖር ነው። ለጠረፍ ውል እንዲህ ያለው ምስክር የጎረቤትና የዓለም መንግሥታት እውቅና ነው፤ ሶማሌላንድ ከ1991 ጀምራ ስትፈልገው የኖረችው ይህንኑ ነው።

እውቅና ያለው አከራይም ቢሆን ሐሳቡን ይቀይራል። ጅቡቲ በ2006 የዶራሌን የኮንቴይነር ወደብ ለዱባዩ ዲፒ ወርልድ በ30 ዓመት ኮንሴሽን ሰጥታ በ2018 መልሳ ወሰደችው። ኩባንያው ለንደን ላይ ተከራክሮ ረታ፤ ወደቡን ግን አላገኘም። እኛም በዚያው 2018 በርበራ ላይ የ19 በመቶ ድርሻ አገኘን ተብሎ ነበር። የተጠየቀውን ሳናሟላ ቀርተን በ2022 ድርሻው እንደሌለን ሰማን። ዜናው ሲገባ በከበሮ ነበር፤ ሲወጣ ግን ስንቱ ጋዜጣ የፊት ገጹን ሰጠው?

ስለዚህ ቀጣዩ የጠረፍ ውል ሲታወጅ ከካርታው በፊት ማየት የምፈልገው የፊርማውን ገጽ ነው፤ ማን እንደፈረመ፣ መንግሥት ቢቀየር የሚመጣው ወገን በምን እንደሚታሰር፣ ክርክር ቢነሳ የትኛው ችሎት እንደሚዳኝ፣ ያ ችሎት ቢፈርድልንስ ማን እንደሚያስፈጽምልን። እሱን ገጽ የምክር ቤት አባሎቻችን ከእኔ በፊት ይጠይቁ።