የዓመቱ የነጋዴዎች ጭውውት

ባለፈው ዓመት ዘወትር ሐሙስ ማታ፣ እራት ከተነሣ በኋላ፣ በሐዋሳ ቤታችን የእጅ ስልኩ ከገበታው ላይ ይቀመጥና ዘመኑ ፖድካስት ብሎ የሚጠራውን የነጋዴዎች ጭውውት እናዳምጥ ነበር። ይህን ልማድ ያመጣብን ከእኛ ጋር የሚኖረው የወንድማችን ልጅ ነው።

በመጀመሪያ ወሬ ማብዛት መስሎን ነበር፤ ኋላ ግን ወደድነው። አንድ ሰው ሳይጣደፍ ስለ ሥራው ሲናገር መስማት ዘወትር የሚገኝ ዕድል አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አስመጪው ዕቃውን በምን ሒሳብ እንደሚተምን፣ ከባንክ ብድር አስቀድሞ ዕቁብ ስንቱን ሱቅ እንዳቆመ የተረዳነው ከዚያ ነው።

ዳሩ ግን ዓመቱን መለስ ብለን ስናስበው አንድ ነገር ታወቀን። ተጋባዦቹ መነሻቸውን በዝርዝር ይተርካሉ፤ ከመካከሉ ሲደርሱ ግን ይፈጥናሉ። «ከዚያ ትንሽ ተቸገርን» ብለው ያልፉታል። ያች «ትንሽ» ስንት ዓመት እንደ ነበረች፣ ዕዳውን ማን እንደ ከፈለ፣ ቤቱን ያስያዘው አባት ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ ጠያቂው አይጠይቅም፤ ተጠያቂውም አይናገርም። ሥራው የፈረሰበት ሰውማ ከቶ አልተጋበዘም።

እንዲህ ያለው ሰው ግን በከተማችን ሩቅ አይደለም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ ከገጠር ለስፌት ሥራ የመጡትን ሴቶች ልጆች ተስፋ አድርጎ ስንቱ ክፍል ሠራ፣ ስንቷ ምግብ ቤት ከፈተች! በኅዳር 2014 ዓ.ም. ግን ከታላላቆቹ አንዱ የሆነው የአሜሪካው ፒ.ቪ.ኤች. ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ታኅሣሥ 23 ቀንም ኢትዮጵያ አጎዋ ከተባለው ከቀረጥ ነፃ የአሜሪካ ገበያ ወጣች። ፓርኩ ዛሬም ይሠራል። ይሁን እንጂ በዚያ ወራት ክፍሎቿ ባዶ የቀሩባት አከራይ ስለ ንግድ የምትነግረን ከማንም የሚያንስ አልነበረም።

ይህን እንድናስብ ያስገደደን የልጁ ጉዳይ ነው። በነሐሴ ወር ደመወዙን ትቶ የልብስ ስፌት ቤት ለመክፈት መቍረጡን ነገረን፤ የቤታችንንም ካርታ ለብድር መያዣ እንድንሰጠው ለመነን።

«ጋሼ፣ ሁሉም እኮ እንዲህ ነው የጀመሩት» አለን።

«ሁሉም» የሚላቸው ማይክሮፎን ፊት የደረሱትን ነው። እንቢም እሺም አላልነውም። በሰፈራችን መኪናዎቹን ሸጦ ሱቁን የዘጋ ልብስ ሰፊ አለና፣ አስቀድሞ እርሱን እንዲያነጋግር ላክነው። ሦስት ቀን አኮረፈን። በአራተኛው ቀን ሄደ፤ ማታም በስልኩ የቀዳውን አሰማን። ሰውዬው እንደ ሌሎቹ ሁሉ «ከዚያ ትንሽ ተቸገርን» ሲል፣ ልጃችን «ስንት ወር?» ብሎ ሲጠይቀው ይሰማል። ጥቂት ዝምታ ሆነ።

«አሥራ አራት» አለ ሰውዬው።

ካርታው እስካሁን በሣጥናችን ነው። ልጁም ሌሊት ሌሊት የክርና የጨርቅ ዋጋ ይደምራል።