ክሩን ማን ፈተለው?

በልጅነቴ የእናቴን እንዝርት አንስቼ ጥጥ ለመፍተል በሞከርሁ ቁጥር አክስቴ «ተው! ወንድ ልጅ እንዝርት አይነካም» ትለኝ ነበር። እታዘዝ ነበር፤ ነገሩ ግን አይገባኝም ነበር። ምክንያቱም እናቴ የፈተለችውን ልቃቂት ተሸክሜ የማደርሰው ለሸማኔው ጎረቤታችን ነበር፤ እርሳቸውም ወንድ ነበሩ። እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከትተው፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ እየሰደዱ ቀኑን ሙሉ ከክር ጋር ሲውሉ ወንድነታቸውን የተጠራጠረ አልነበረም። (ሌላ ስድብ አላጡም፤ የእጅ ባለሙያን መናቅ የቆየ ነውራችን ነው።) ያው አንዱ ክር እንዝርት ላይ ሳለ የሴት ነው፤ መወርወሪያ ውስጥ ሲገባ የወንድ ይሆናል። በመንገድ ላይ፣ በእኔ በተላላኪው እጅ ሳለ የማን እንደ ነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ይህን የልጅነት ጥያቄ የቀሰቀሰብኝ እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ላይ ዋሽንግተን ውስጥ ያየሁት የጋብሪኤል ዳዌ ሥራ ነው። ከዋይት ሐውስ አጠገብ የሚገኘው ሬንዊክ ጋለሪ ከሁለት ዓመት እድሳት በኋላ በኅዳር 2015 ሲከፈት፣ ክፍሎቹን ለዘጠኝ አርቲስቶች አከፋፍሎ ነበር። ለዳዌ በደረሰው ክፍል ከታች ተነሥቶ ወደ ጣሪያው የሚወጣ የቀስተ ደመና ጨረር ቆሟል። ከሩቅ ሲያዩት በመስኮት ሾልኮ የገባ ፀሐይ፣ አቧራው ላይ አርፎ በዚያው የቀረ ይመስላል። ቀረብ ሲሉ ግን ብርሃኑ ይፈታል፤ ክር ይሆናል። ማንኛውም ልብስ ሰፊ ዘንድ የሚገኝ ተራ የስፌት ክር! ከአንዱ ሜንጦ ወደ ሌላው፣ አንድ በአንድ ተወጥሮ፣ ወደ ስልሳ ማይል፣ በእኛ አቆጣጠር ዘጠና ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ እንደ ማለት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፤ እዚህ የታሰረው ብርሃን ነው።

ዳዌ እ.ኤ.አ. በ1973 ሜክሲኮ ሲቲ ተወለደ። አያቱ እኅቱን ጥልፍ ሲያስተምሩ አጠገባቸው ተቀምጦ ያይ ነበር። እርሱም መማር ይፈልግ ነበር፤ ወንድ ነውና አልተፈቀደለትም። አድጎ ግራፊክ ዲዛይነር ሆነ፤ ወደ ካናዳ ተሰደደ፤ መርፌ ያነሣው በጎልማሳነቱ ነው። በኋላም ቴክሳስ ገብቶ ያንን የተከለከለውን ክር የአዳራሽ ያህል አሰፋው።

አብሮኝ የነበረ ወዳጄ «ውብ ነው፤ ግን ምን ይላል?» አለኝ። ዙሪያችንን ሰው ሁሉ ፎቶ ይነሣል፤ ቤቱም ፎቶ አንሡ ብሎ ምልክት ለጥፏል። ወዳጄ ስለ ጾታና ስለ ማንነት የሚናገር ሥራ ቁስል ማሳየት አለበት ባይ ነው። እኔ አልተስማማሁም። ያ ልጅ ተቆጥቶ መርፌውን ሊሰብር፣ ጨርቁን ሊቀድድ ይችል ነበር፤ ብዙዎች እንዲህ ሠርተው ተደንቀዋል። እርሱ ግን የተነፈገውን ነገር ራሱን አንሥቶ፣ ሳያቆሽሽ፣ ሰው ሁሉ ዓይኑን ቀና አድርጎ የሚያየው አደረገው። የተከለከለ ነገር በአደባባይ እንዲህ ሲያምር ከልካዩ መልስ የሚያጣ ይመስለኛል።

ነገር ግን ወዳጄ ያልጠየቀው ሌላ ጥያቄ አለ፤ እኔንም የጎረበጠኝ እርሱ ነው። መርፌ የተከለከለው ወንድ ልጅ መርፌ ሲያነሣ ሙዚየም ተከፈተለት። መርፌ የተፈቀደላቸው ሴቶችስ? የጠለፉት ትራስ ላይ ቀረ። በዚያ አዳራሽ የአያቲቱ ጥልፍ የት እንዳለ የጠየቀ ጎብኚ አላየሁም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ጥፋቱ የዳዌ አይደለም፤ እንዲያውም የአያቱን ነገር ባይናገር ኖሮ ከየት እናውቀው ነበር? ጥፋቱ የእኛ የተመልካቾቹ ነው። በሬንዊክ በር አናት ላይ «ለጥበብ የተሰጠ» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ በድንጋይ ተቀርጿል። ሳነበው ፈገግ አልሁ። በእኛ ቋንቋ ጥበብ ማለት ማስተዋልም፣ ኪነትም፣ የቀሚስ ጠርዝም ነው። የቀሚሱን ጥበብ ያየ ሁሉ «ሸማኔው ማን ነው?» ይላል። ፈታይዋን የሚጠይቅ ግን አልገጠመኝም።

የዳዌ ክሮች ዐውደ ርእይ ሲያበቃ ይወርዳሉ። እርሱም ከአንዳንዶቹ የወረዱትን ሰብስቦ ብርሃን በሚያሳልፍ ሣጥን ውስጥ ያኖራቸዋል፤ «ቅሪት» በሚል ስያሜ። የተምታታ፣ ባለ ብዙ ቀለም ጉንጉን… ከእናቴ ሙዳይ ውስጥ ካለው የክር ቁራጭ የሚለየው በቀለሙ ብቻ ነው።

በዚያው ሳምንት ለእናቴ ስደውል ያየሁትን ሁሉ ነገርኋት። ብርሃኑን፣ ቀስተ ደመናውን፣ መርፌ እንዳይነካ እንደ እኔ የተከለከለውን ልጅ። ዘጠና ስድስት ኪሎ ሜትር ስላት ዝም አለች።

«ማን ፈተለው?» አለችኝ ቆይታ።

«የፋብሪካ ክር ነው እማዬ፤ የልብስ መስፊያ።»

«እንግዲያማ ደግ» አለች፣ እፎይ እንደ ማለት። «የዚያች ሴት ጣት እንዴት ሆነ ብዬ እኮ ነው።»