ጎመኑ ምን አለ?

ባለፈው መስከረም ጎንደር ገብቼ ከከተማዋ ወንዞች በአንዱ ዳር እየሄድኩ ነበር። የትኛው ወንዝ እንደሆነ አልናገርም፤ ምክንያቱን በኋላ ታገኙታላችሁ። በወንዙ ዳር ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የሚያለሙ ሰዎች አሉ። አንዲት እናት ከመደቡ መሀል ቀና ብለው አዩኝ፤ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ትንሽ አጠኑኝና ለዩኝ።

«አንተ ልጅ! ያ የውሃው ልጅ አይደለህ?»

«ነኝ እማማ። እንደምን ዋሉ?»

«እግዜር ይመስገን። ኧረ ለመሆኑ፣ ያ ጎመን ምን አለ?»

መጀመሪያ አልገባኝም። «የቱ ጎመን?» አልኳቸው።

«ያን ጊዜ በፌስታል የወሰዳችሁት ነዋ። ምን አለ?»

ከዓመታት በፊት፣ ተማሪ ሳለሁ፣ ለመመረቂያ ጥናቱ ናሙና የሚሰበስብ ጓደኛዬን ተከትዬ እዚያው ቦታ መጥቼ ነበር። ውሃውን በጠርሙስ፣ አፈሩን በከረጢት፣ ጎመኑን በፌስታል አድርገን ወሰድን። እኚህ እናት ከመደባቸው ምርጥ ምርጡን እየለቀሙ ሰጡን። ብር ስናወጣ «ለትምህርት ነው ካላችሁማ» ብለው እምቢ አሉ። ቡና አፍልተው አጠጡን። ስንነሳ ጓደኛዬ «ውጤቱን መጥተን እንነግርዎታለን» አላቸው። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ።

ጎመኑ ደረቀ፣ ተፈጨ፣ በአሲድ ተቀቀለ፣ በማሽን ተለካ። ቁጥር ሆነ። ቁጥሩ ሠንጠረዥ ውስጥ ገባ፤ ሠንጠረዡ ጥራዝ ውስጥ፤ ጥራዙ መደርደሪያ ላይ። ጓደኛዬ ጥሩ ውጤት አገኘ፤ ፎቶም ተነሳን። ጎመኑን ለሰጡት ሴት ግን ማንም ምንም አልነገራቸውም፤ እኔም ጭምር።

ይህን የምጽፈው በንዴት ነው። ከንዴቱ ግማሹ በራሴ ላይ ነው።

ክርክሬ አጭር ነው። ናሙና ብድር ነው። ከሰው መሬት አፈር፣ ከሰው ምንጭ ውሃ፣ ከሰው ክንድ ደም ወስዶ ውጤቱን ያልመለሰ ተመራማሪ ባለዕዳ ነው። በዚህ ሂሳብ የአገራችን የውሃና የአፈር ምርምር በዕዳ ተዘፍቋል።

እስቲ ከከተማዋ እንጀምር። ጎንደር የተቆረቆረችው በሁለት ወንዞች መሀል ነው፤ በምሥራቅ አንገረብ፣ በምዕራብ ቀሃ። የአንገረብ ግድብ ከተማዋን ያጠጣል። ቀሃ ደግሞ ጥምቀት ሲደርስ በቦይ ተስቦ የፋሲለደስን መዋኛ ይሞላል። ሁለቱም ወደ ደቡብ ወርደው መገጭ ይገባሉ፤ መገጭ የደምቢያን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል። እንግዲህ አስቡት፤ አንድ ጋራዥ ደጃፍ የተደፋ የተቃጠለ ዘይት፣ ላቫጆ ላይ የታጠበ ሞተር፣ ከባትሪ የተገለበጠ አሲድ ክረምት ሲመጣ መንገዱ አንድ ነው። ቁልቁል ነው። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ጎመን አለ፣ ከብት አለ፣ ልብስ የምታጥብ እናት አለች፣ የሚዋኝ ልጅ አለ።

እኔም ያ ልጅ ነበርኩ። ካህናቱ ባርከው ሲጨርሱ ከቅጥሩ ግንብ ላይ ዘልዬ መዋኛው ውስጥ ገብቻለሁ፤ ውሃውንም ጠጥቻለሁ። የጥምቀት በዓል እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍር እንደ ማንኛውም ጎንደሬ ደረቴን ነፍቻለሁ። ዛሬ ግን ጥያቄ አለኝ፤ በዓሉን ለዓለም ያስመዘገብን ሰዎች የውሃውን ምርመራ ውጤት ለዘላዮቹ ልጆች የምንለጥፈው መቼ ነው?

ጣና ላይ እንቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 መታየት ሲጀምር አገር ተንጫጫ። ዘፈን ወጣለት፣ መዋጮ ተሰበሰበለት፣ ወጣቱ በእጁ ሊነቅል ወረደ። ለምን? እንቦጭ ይታያላ። አረንጓዴ ነው፣ ፎቶ ይወጣለታል። በውሃ የሟሟ እርሳስ ግን ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጣዕሙም አያስታውቅም። ካድሚየምም እንዲሁ። አርሴኒክም እንዲሁ። አባቶች «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ያሉት ለጎርፍ ቢሆንም ለዚህኛው ይበልጥ ይሠራል።

ቁጥር እንነጋገር። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የእርሳስ ወሰን በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። ይህ ማለት አንድ ግራም እርሳስ 100,000 ሊትር ውሃን፣ ማለትም 5,000 ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን፣ ወሰኑ ላይ ያደርሳል። አንድ የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው እርሳስ ደግሞ የሚመዘነው በኪሎ ነው። ሰውነታችን እርሳስን ከካልሲየም ጋር ያምታታዋል፤ አጥንት ውስጥ ያከማቸዋል፤ እናት ስታረግዝ ከአጥንቷ ወጥቶ ወደ ፅንሱ ይሻገራል። ትንንሽ ልጆች ከወሰዱት እርሳስ ወደ ደማቸው የሚያስገቡት ከአዋቂ አራት አምስት እጥፍ ነው፤ የሚጎዳውም አእምሯቸውን ነው። ካድሚየም ኩላሊት ውስጥ ገብቶ አሥርና ሃያ ዓመት ይቀመጣል።

አሁን ደግሞ ቤት ውስጥ የምናደርገውን እዩ። ውሃ አፍልተን እንጠጣለን፣ ወይም ውሃ አጋር ጠብ እናደርግበታለን። ለጀርም ትክክል ነው፤ አታቁሙ። ብረት ግን አይፈላም። ስታፈሉት ውሃው ይተናል፣ ብረቱ ይቀራል፤ እንዲያውም ይወፍራል። ጎመኑን ማጠብ ከላዩ ያረፈውን አቧራ ያነሳል፤ በሥሩ የጠጣውን አያወጣም። ይህን የሚያውቅ ሰው በየቤተ ሙከራው ሞልቷል። ማወቅ ያለባት እናት ግን አልሰማችም።

ከከተማው ወጥተን ወደ ደጋው እንሂድ። ወገራ፣ ዳባት፣ ደባርቅ። ድንችና ነጭ ሽንኩርት በሚለማበት ማሳ ላይ ገበሬው መርጫውን አዝሎ፣ አፉን በነጠላ ሸፍኖ፣ አንዳንዱም ሳይሸፍን፣ ሲረጭ አይቻለሁ። በርሜሉ የሚሞላው ከምንጩ ነው፤ መርጫው የሚታጠበውም እዚያው ምንጭ ላይ ነው። ባዶውን የመድኃኒት ጠርሙስ የሚጥለው የለም፤ ታጥቦ ጋዝ ይቀዳበታል፣ ሲብስም የሚጠጣ ነገር። ጠርሙሱ ላይ ያለው ማስጠንቀቂያ በእንግሊዝኛ ነው። የፀረ ተባይ መድኃኒት ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ካለን ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗል፤ አዋጁ ግን እስከ ምንጩ ድረስ በእግሩ አልወጣም።

ዲዲቲን አስታውሱ። ለወባ ተብሎ በአገራችን ቤቶች ግድግዳ ላይ ለአሥርት ዓመታት ተረጭቷል፤ አዳሚ ቱሉ ላይም ይቀመም ነበር። ከዚያ ሾልኮ ወደ ማሳ ወጣ፤ አጥኚዎቻችን ጫት ቅጠል ላይ ሳይቀር አገኙት። በየመጋዘኑ ጊዜው አልፎበት የተከማቸው ፀረ ተባይ ከሺህ ቶን በላይ ሆኖ ተገኘ፤ በመርከብ ተጭኖ ፊንላንድ ድረስ ሄዶ ተቃጠለ። መርዙን ለመግዛት ቸኮልን፣ ለማስወገድ የሰው አገር ምድጃ ለመንን።

አንድ የሚያበሽቀኝ ታሪክ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ላይ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ የሺዎችን ሕይወት ቀጠፈ። ከዚያ ጥፋት በኋላ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር ይህ ነው። ካስተማራቸው ሙያዎች አንዱ ሳኒታሪያን ይባል ነበር። ሥራው ምን መሰላችሁ? መንደር ወርዶ ምንጭ ማየት፣ ጉድጓድ ማየት፣ ለሰዉ በአፉ ማስረዳት። ዩኒቨርሲቲ የወለደ ሐሳብ ይህ ነበር፤ መጀመሪያ ችግሩ ያለበት ቀዬ፣ ቀጥሎ ወረቀቱ። ዛሬ በመላ አገሪቱ ተገልብጧል። ወረቀቱ ይወጣል፣ ዕድገቱ ይገኛል፤ ቀዬው «ናሙና የተወሰደበት ቦታ» ተብሎ በአንድ ካርታ ላይ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። መደምደሚያው ላይም «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ይላል። ያስፈልጋል፤ እሺ። ግን የመጀመሪያውን ማን ሰማ?

ምርምር የለም እያልኩ አይደለም። ፍስሐ ኢታና እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ በሚለሙ ቅጠላ ቅጠል አትክልቶች ላይ ያለውን የብረት ክምችት አጥንተው አሳትመዋል። ከዚያ ወዲህ በአቃቂ ወንዝ ላይ ብቻ የተጻፈው ቢደረደር መደርደሪያ ያጎብጣል። አቃቂስ? ሂዱና እዩት።

ዝምታ የት እንደሚያደርስ ጃፓን ሚናማታን ጠይቁ። በ1956 በሽታው ሲታወቅ ድመቶች ሳይቀሩ እየተንዘፈዘፉ ይሞቱ ነበር። በ1959 የፋብሪካው የራሱ ሐኪም ሆሶካዋ፣ የፋብሪካውን ፍሳሽ ለአንድ ድመት አብልተው ያው በሽታ ሲይዘው አዩ። ኩባንያው ውጤቱን ደበቀ። ሜርኩሪው እስከ 1968 ባሕር ውስጥ መፍሰሱን ቀጠለ። ጥናቱ ነበር፤ እውነቱ ታውቋል፤ ግን መሳቢያ ውስጥ ነበር። በሌላ በኩል አሜሪካ ፍሊንት ከተማን ተመልከቱ። በ2014 የውሃው ምንጭ ተቀየረ። በመስከረም 2015 የሕፃናት ሐኪሟ ሞና ሃና አቲሻ የልጆች ደም ውስጥ እርሳስ መጨመሩን መጽሔት እስኪያትመው ሳይጠብቁ ጋዜጠኛ ሰብስበው ተናገሩ። ባለሥልጣናቱ መጀመሪያ አጣጣሏቸው፤ በቀጣዩ ወር ግን ውሃው ወደ ቀድሞው ምንጭ ተመለሰ።

የእኛውን ለገደምቢንም አንርሳ። ነዋሪው ልጆቻችን ጉዳት ይዘው እየተወለዱ ነው ብሎ ጮኸ፣ በ2018 የወርቅ ማዕድኑ ፈቃድ ታገደ፣ በ2021 ሥራው ተመለሰ። በመሀል ጥናቶች ተደርገዋል፤ ሰዉ ግን «ሙሉ ውጤቱ ይነገረን» ሲል ኖረ።

«ሕዝብ አታስደንግጡ» የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን የሚያስደነግጥ ነገር የማየው ዝምታው ውስጥ ነው። ባለሙያ ዝም ባለበት ሁሉ ቲክቶክ ይናገራል። «የጎንደር ውሃ ተመርዟል» የሚል ወሬ በአንድ ሌሊት የሚዞረው የሚቃረነው የተለጠፈ ቁጥር ስለሌለ ነው።

«ናሙናው ትንሽ ነው፣ ደግሞም ባዛልት አፈር በተፈጥሮው ክሮሚየምና ኒኬል አለው» የሚል ደግሞ አለ። ልክ ነው! ከስሜን ተራሮች እስከ ጎንደር የምንረግጠው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ስለዚህ የተፈጥሮውን መጠን ለክታችሁ አሳውቁን፤ ሰው የጨመረውን ከዚያ እንለየዋለን። ይህ ለመሥራት ምክንያት ነው፤ ለዝምታ ምክንያት አይሆንም።

ሦስተኛው ክርክር ከባዱ ነው፦ «ብትነግራት ገበያዋን ታጣለች።» የወንዙን ስም ያልጠራሁት ለዚህ ነው፤ ነገ ገበያ ላይ «የዚያ ወንዝ ጎመን» ተብሎ እንዳይቀርባቸው። ቁጥሩንም እዚህ አልጽፍም፤ መጀመሪያ መስማት የሚገባቸው እሳቸው ናቸው። ግን ደሃ ገበያውን እንዳያጣ ብሎ ደሃውንም ገዢውንም ማብላት ምን የሚሉት ርኅራኄ ነው? መላ እኮ አለ። ቅጠላ ቅጠል ብረት ይሰበስባል፤ በቆሎና ቲማቲም ፍሬያቸው ውስጥ የሚያስገቡት ያነሰ ነው። ኮምጣጣ አፈር ላይ ኖራ ሲጨመር ተክሉ የሚወስደው ካድሚየም ይቀንሳል። ከሁሉም የሚረክሰው ደግሞ ከላይ የሚደፋውን ማስቆም ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ናሙና የወሰደ ተማሪ ከመመረቁ በፊት ውጤቱን በአንድ ገጽ፣ በአማርኛ፣ ለሰጠው ሰው አንብቦ ያስረዳ። የከተማው ውሃ የምርመራ ውጤት በየወሩ ሰው በሚያየው ቦታ ይለጠፍ። የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች «ፈቃድ ጠይቀሃል?» ብለው ሲያበቁ «መልስ ሰጥተሃል?» ብለው ይጨምሩ።

እኛስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ይላል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ ማንም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነካ ማለት ሳያስፈልገው፣ በበካዩ ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል ይላል። መሥሪያ ቤቱ በሠላሳ ቀን ውስጥ ካልወሰነ ፍርድ ቤት ይኬዳል። ይህን አዋጅ ስልካችሁ ላይ አውርዱት።

ጓደኛዬን ደውዬ ጥራዙን አስፈለግኩት። ከአንድ ሳምንት በኋላ ቁጥሩን በአንድ ገጽ ጽፌ ወደ ወንዙ ዳር ተመለስኩ። መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጠን እያንዳንዱን መስመር አስረዳኋቸው። ናሙናው ጥቂት እንደነበር ነገርኳቸው፤ ቢሆንም ዝም ሊባል የማይገባው እንደነበርም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ወረቀቱን አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱና ወደ ላይ፣ ወንዙ ወደሚመጣበት አቅጣጫ፣ ቀና ብለው አዩ።

«ለእኔስ ነገርከኝ፣ ልጄ። እዚያ ላይ ለሚደፉትስ ማን ነገራቸው?»

መልስ አልነበረኝም። በማግስቱ ሁለታችን አንድ ማመልከቻ ጻፍን፤ እሳቸው በጣታቸው፣ እኔ በብዕር ፈረምን። ቀኑን እየቆጠርኩ ነው።