ሥራ ፈት ሞተር ምን ዓይነት ቤንዚን ይፈልጋል?

ማሽላ በጎተራ ብዙ ሲቆይ ይነቅዛል፤ ሊጥ ቀኑ ሲያልፍ ይሆመጥጣል። ይህን የማታውቅ የቤት እመቤት የለችም። ቤንዚንም እንደዚሁ የሚያረጅ ነገር መሆኑን ግን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። አንድ ጊዜ ከተገዛ በኋላ ምንጊዜም እንደ አዲሱ የሚነድ ይመስለናል። አልፎ አልፎ ብቻ የሚነሡ ሞተሮች በየቤቱና በየሥራ ቦታው እየበረከቱ በመጡበት በአሁኑ ጊዜ፣ ይህ አስተሳሰብ ገንዘብን ከማስወጣት አልፎ ቤተሰብን መንገድ ላይ የሚጥል በመሆኑ በዛሬው ዓምዳችን ልንነጋገርበት ወደናል።

በከሚሴ ከተማና በጨፋ ሸለቆ ዙሪያ ብንመለከት፣ የፀጉር ሥራ ቤት ወይም ሻይ ቤት ያላት እናት መብራት ሲጠፋ የምታስነሣው ትንሽ ጀኔሬተር ይኖራታል። በቦርከና ወንዝ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው ገበሬ የውኃ መሳቢያ ሞተሩን በበጋ ይሠራበትና ክረምቱን ሙሉ ያስቀምጠዋል። በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ደግሞ ከቤት የመብራት መስመር ባትሪያቸው የሚሞላ፣ በተጨማሪም የቤንዚን ሞተር ያላቸው ሀይብሪድ የተባሉ መኪናዎች መታየት ጀምረዋል። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንደማይገቡ ካስታወቀ ወዲህ፣ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የማይነጋገር ቤተሰብ ጥቂት ነው።

ሀይብሪድ መኪና የያዙ እናት ማታ ባትሪውን ሞልተው ጧት ልጆቹን ትምህርት ቤት፣ ራሳቸውንም ከሥራ ቦታ ቢያደርሱ የቤንዚኑ ሞተር ጨርሶ ላይነሣ ይችላል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሳምንታት፣ አልፎም ወራት ይቆጠራሉ። ይሁን እንጂ ለበዓል ወይም ለለቅሶ ከከሚሴ አዲስ አበባ ለመሄድ 325 ኪሎ ሜትር መጓዝ ያስፈልጋል። የአብዛኞቹ ሀይብሪዶች ባትሪ ይህን ያህል መንገድ አይችልም። ባትሪው ካለቀ በኋላ ሸዋ ሮቢትን አልፎ የጣርማ በርን ዳገት የሚወጣው ያ ወራት ሙሉ ሥራ ፈትቶ የኖረው ሞተር ነው። በታንኩ ውስጥ ያለው ቤንዚን አምና የተቀዳ ከሆነ፣ ችግሩ የሚታወቀው ልጆች ተጭነው፣ ብርድና ጉም ባለበት በዚያ ዳገት ላይ ይሆናል።

ብዙዎች የሚጠይቁት ጥያቄ «እንዲህ ላለው ሞተር ኦክቴኑ ከፍ ያለ ውድ ቤንዚን አይሻልም ወይ?» የሚል ነው። ኦክቴን ማለት ቤንዚኑ በሞተሩ ውስጥ ሲታመቅ ከካንዴላው እሳት በፊት በራሱ እንዳይቀጣጠል ያለውን ኃይል የሚለካ ቁጥር ነው። የቤንዚኑን ንጽሕናም ሆነ ትኩስነት አይለካም። ስለሆነም ሞተሩ ከሚጠይቀው በላይ የሆነ ኦክቴን ገዝቶ ማስቀመጥ ቤንዚኑን ከማርጀት አያድነውም። ከሚጠይቀው በታች መቅዳት ግን ሞተሩን ሊያንኳኳውና ጉልበት ሊያሳጣው ይችላል።

ትክክለኛውን መልስ የሚሰጠው የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ነው። ለምሳሌ ያህል ሸቭሮሌት ቮልት የተባለው የአሜሪካ ሀይብሪድ፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2015 ድረስ በወጡት ሞዴሎቹ በአሜሪካ አለካክ 91 የሆነ ከፍተኛ ቤንዚን ይጠይቅ ነበር። በ2016 ሞዴል ሞተሩ ሲለወጥ ግን ተራው ቤንዚን በቂ ሆነ። አንድ ስም ያላቸው መኪናዎች እንኳ እንዲህ የሚለያዩ ከሆነ፣ በጎረቤት መኪና መመዘን እንደማይገባ ግልጽ ነው። ከዚህም ሌላ የአገሮች አለካክ እንደሚለያይ ያስተውሉ። በአሜሪካ 91 የተባለው ቤንዚን በአውሮፓ አለካክ 95 አካባቢ ነው። የቻይና መኪናዎችም የሚጠቅሱት እንደ አውሮፓው ያለውን ቁጥር ነው።

በአገራችን ማደያዎች ግን ባለመኪናው የሚቀርብለት ምርጫ በአብዛኛው ቤንዚን ወይስ ናፍጣ የሚል ብቻ ነው። እንግዲህ በእጃችን ያለው ምርጫ የቤንዚኑ ዕድሜ፣ የተገዛበት ቦታና መጠኑ ነው ማለት ነው።

ቤንዚን ሲቆይ ሁለት ነገር ይደርስበታል። በመጀመሪያ ቶሎ የሚተነው ቀላሉ ክፍል ይሄድና ሞተር ማስነሣት አስቸጋሪ ይሆናል። ቀጥሎም የቀረው ከአየር ጋር ተዋሕዶ እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይፈጥራል፤ ይህም ፊልትሮውንና የጀኔሬተሩን የካርቡሬተር ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። በደንብ በተዘጋ ዕቃና በቀዝቃዛ ቦታ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ደህና ሊቆይ ይችላል። እንደ ጨፋ ባለ ሞቃት ቆላ፣ ክዳኑም በላላ ዕቃ ከሆነ ግን ዕድሜው ከዚህ ያጥራል። ከዚህ በተጨማሪ በአገራችን በ2001 ዓ.ም. 5 በመቶ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ 10 በመቶ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀምሮ እንደነበር ይታወሳል። ኤታኖል ያለበት ቤንዚን ውኃ የመሳብ ጠባይ ስላለው ሳይነካ ለብዙ ጊዜ ሲቀመጥ ይበልጥ ይጎዳል።

የሀይብሪድ መኪና ሠሪዎች ይህን አስበውበታል። ቮልት በታንኩ ያለው ቤንዚን አንድ ዓመት ገደማ ሲሞላው አሮጌውን አቃጥሎ ለመጨረስ ሞተሩን ራሱ ያስነሣል። ቶዮታም ከመስመር ለሚሞላው ፕሪየስ በ12 ወር ውስጥ ቢያንስ 20 ሊትር አዲስ ቤንዚን እንዲጨመር ያሳስባል።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉትን ልማድ ማድረግ ይጠቅማል።

አንደኛ፣ ቤንዚን ከማደያ ብቻ ይግዙ። በመንገድ ዳር በጠርሙስና በጄሪካን የሚሸጠው ምን ያህል እንደቆየ፣ ላምባ ወይም ውኃ ይቀላቀልበት አይቀላቀልበት አይታወቅም።

ሁለተኛ፣ መኪናው በከተማ ብቻ የሚዞር ከሆነ ታንኩን ሁልጊዜ አፍ እስከ ገደፉ አይሙሉ። ሩብ ወይም ግማሽ ይዘው በየጊዜው አዲስ ይጨምሩበት፤ ለረጅም ጉዞ ሲነሡ ይሙሉት። በማደያ ሰልፍ ምክንያት ሙሉ መያዝ የግድ ከሆነም፣ በወር አንድ ጊዜ ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በቤንዚን ይንዱት። ለአጭር ጊዜ አስነሥቶ ማጥፋት ግን በዘይቱ ውስጥ እርጥበት ስለሚተው አይመከርም።

ሦስተኛ፣ ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም የሞተር ዘይቱን መመሪያው ባዘዘው ጊዜ ያስለውጡ። ዘይትም በመቀመጥ ያረጃል።

አራተኛ፣ ጀኔሬተርን በወር አንድ ጊዜ መብራት ወይም ሌላ ዕቃ አያይዘው ያሠሩት። የውኃ ሞተር ለክረምት ሲቀመጥ ታንኩ ይራቆት፤ በካርቡሬተሩ የቀረውም እስኪያልቅ ሞተሩ ይሥራና በራሱ ይጥፋ።

አምስተኛ፣ መልኩ የጠቆረና ሽታው የተለወጠ ቤንዚን ሲያገኙ ወደ ሞተር አይጨምሩት። በቦይም ሆነ በቦርከና ዳር አይድፉት፤ ከዚያ ውኃ ሰውም ከብትም ይጠጣልና። ወደ ጋራዥ ወስደው ባለሙያ ያማክሩ። በስሕተት ናፍጣ የተቀዳ እንደሆነም ቁልፉን ሳያዞሩ ታንኩን ያስጠርጉ።

ከሁሉ በላይ ግን እናቶች ሊያስቡበት የሚገባው የቤት ውስጥ አደጋ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር የከበደ ስለሆነ ወለል ለወለል እየተሳበ ይሄዳል። በጓዳ ከተቀመጠ ጄሪካን ወጥቶ ቡና ከተጣደበት የከሰል ምድጃ ሊደርስና ቤቱን በእሳት ሊያያይዝ ይችላል። ስለዚህ ቤንዚን ከመኖሪያ ቤት ውጭ፣ ፀሐይ በማያገኘው፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ፣ ለዚሁ በተሠራ ዕቃ ይቀመጥ። በውኃ ፕላስቲክ ፈጽሞ አይቀመጥ፤ የተጠማ ልጅ ውኃ መስሎት ይጠጣዋል። እንዲህ ያለ አደጋ ከደረሰ ልጁን አያስታውኩት፤ ወተትም አይስጡት። ቤንዚኑ ተመልሶ ሲወጣ ወደ ሳንባ ስለሚገባ ጉዳቱ የባሰ ይሆናል። ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ጀኔሬተርም በርና መስኮት በተዘጋ ቤት፣ በረንዳም ላይ ቢሆን አይነሣ። ጭሱ ውስጥ ያለው መርዘኛ ጋዝ ሽታ የለውም፤ የተኛን ቤተሰብ ሳያስነቃ ይገድላል።

ይህ ሁሉ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የተገዛበትን ቀን በወረቀት ጽፎ በጄሪካኑ ላይ መለጠፍ፣ በወር አንድ ቀን ሞተሩን ማየት፣ ዕቃውን ከእሳትና ከልጅ ማራቅ ብቻ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምክር ከቤንዚን የበለጠ የሚስማማው ነገር የለም።