ከመኪና መስኮት የሚጻፍ አገር

ለጥናት ወደ ፑኝዶ ወርደን ስንመለስ የምናቀርበው ጽሑፍ (እኔም ከጥፋተኞቹ አንዱ ነኝ) ሙቀትና አቧራ ሞልቶታል፤ ሰውና መንገድ ግን የለበትም። ከመኪና ሳንወርድ ስለምንጽፍ ነው።

ስኮትላንዳዊቷ መምህርት ናን ሼፐርድ የኬርንጎርምን ተራሮች ዕድሜዋን ሙሉ በእግሯ ተመላልሳባቸው ስለ ጫፋቸው ሳይሆን ስለ ውስጣቸው ጻፈች፤ ድርሰቷም ሠላሳ ዓመት ያህል በመሳቢያ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1977 ታተመ።

ፑኝዶ ሜዳ ነው፥ ምን ተራራ አለውና የሚል አይጠፋም። ነገር ግን እርምጃ እንደዚያ የከበደበት ስፍራ ጥቂት ነው። ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው በእግራቸው የመጡ ብዙ ሺህ ሕፃናት እዚያ ሰፍረው ነበር፤ ደርግ በወደቀበት በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ተባረው ጊሎን ሲሻገሩ ብዙዎች በጥይት፥ በውሃና በአዞ አለቁ። ከተረፉት አንዱ የቫለንቲኖ አቻክ ዴንግ ታሪክ በአሜሪካዊው ዴቭ ኤገርስ ብዕር እ.ኤ.አ. በ2006 በእንግሊዝኛ ወጣ።

ጊሎ ግን የኛ ወንዝ ነው፤ ዳር ዳሩን የሚኖሩት አኙዋኮችም ከማንም ይልቅ ያውቁታል። የሚቀጥለው ተጓዥ ከመኪናው ወርዶ፥ የአገሩን ሰው መሪ ይዞ፥ እስከ ወንዙ በእግሩ ቢሄድና ሽማግሌዎቹን ቢጠይቅ ምን ይጎዳል? ለዚህ ደብተርና ጫማ እንጂ የምርምር በጀት አያሻም።