የቆቦ የአየር ንብረት ዕቅድ ከምጣዱ ሥር ይጀምር



ዛሬ የምጽፈው ስለ ደም ግፊትም ስለ ስኳርም አይደለም፤ ስለ ከተማ ዕቅድ ነው። «ዶክተርን የማዘጋጃ ቤት ሥራ ምን አገባው?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሡኝ።

በራያ ቆላ የሠራ ሐኪም ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ታካሚ አለች። ስሟን አልጠራም፤ ምክንያቱም አንድ ሰው አይደለችም፣ ብዙ ናት። ዕድሜዋ ሃምሳን አለፍ ብሏል። ሲጋራ በእጇ ይዛ አታውቅም። ቆቦ ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ሆና ሳለ፣ ከገበያ ቤቷ እስክትደርስ ሦስት ጊዜ ቁጭ ብላ ታርፋለች። ሳሏ ዓመታት አስቆጥሯል፤ «ብርድ ነው» እየተባለ ስንት ጠርሙስ ሽሮፕ ጨርሳለች። ስትመረመር ግን ሳንባዋ የብዙ ዘመን አጫሽ ሳንባ ይመስላል። ይህ ሲኦፒዲ የምንለው፣ የአየር ቧንቧዎችን ቀስ በቀስ የሚያጠብና ወደነበረበት የማይመለስ በሽታ ነው። «እኔ ምን አጨስኩ?» ብላ ትጠይቃለች። ያጨሰችው ጉልቻዋን ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ፣ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን፣ ምጣድ ላይ ጎንበስ ብላ።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። እሷን ያሳመማት ጭስና ዓለም «የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት» እያለ ጉባኤ የሚቀመጥበት ነገር ከአንድ ምድጃ ነው የሚወጡት። እንጨትና ኩበት በደንብ ሳይነድ ሲቀር ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሚቴንና ጥቁር ጥላሸት ይለቃል። ሚቴንና ጥላሸት ሰማዩን ያሞቃሉ። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ወደ ደም ይገባል። ከጥላሸቱ ጋር ያለው ፒኤም 2.5 የተባለው ደቃቅ ብናኝ ደግሞ በአፍንጫ ጸጉር የማይያዝ፣ እስከ ሳንባ ጥግ የሚወርድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ በየዓመቱ 3 ሚሊዮን ገደማ ሰው ይሞታል ይላል።

«ኢትዮጵያ እኮ ከዓለም ልቀት 1 በመቶም የላትም፤ ያሞቁት ፈረንጆቹ ናቸው፣ እነሱው ይቀንሱ» የሚል ክርክር ሁሌ እሰማለሁ። ልክ ነው። ራያ የዓለምን አየር አላበላሸም፤ የተበላሸውን ግን ከሁሉ ቀድሞ ይቀምሳል። በ2008 ዓ.ም. ዝናቡ ሲጠፋ ማሽላው ምን እንደሆነ፣ በ2013 መባቻ አንበጣው ጅጉርቲውን እንዴት እንደጨረሰው ለራያ ሰው አይነገረውም። እኔ ግን ክርክሬን በፍትሕ አልጀምርም፤ በሳንባ ነው የምጀምረው። ፈረንጆቹ ነገ ልቀታቸውን ዜሮ ቢያደርጉ እንኳ የጓዳችን ጭስ ጓዳችን ውስጥ ይቀራል።

የአገራችን ልቀት ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ለዚህ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የኢትዮጵያን ዓመታዊ ልቀት ወደ 150 ሚሊዮን ቶን ገምቶ፣ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ከግብርናና ከደን እንደሚመጣ አስቀምጧል። ትራንስፖርት 3 በመቶ አካባቢ ብቻ ነበር። ከደን ከሚመጣው ውስጥ ደግሞ ግማሽ ያህሉ የማገዶ ነው። ስለዚህ ነው ስትራቴጂው ቶሎ ይጀመሩ ካላቸው አራት ሥራዎች አንዱ የተሻሻለ ምድጃ የሆነው። ማለትም የእናቶቻችን ምድጃ ትንሽ ነገር ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ በአገሪቱ ሒሳብ ውስጥ ትልቅ መስመር ነው።

አዲስ አበባ ሲ40 ከሚባለው የዓለም ታላላቅ ከተሞች ኅብረት ጋር የአየር ንብረት ዕቅድ አዘጋጅታለች። ቀላል ባቡሩ በ2008 ሥራ ጀምሯል፣ ረጲ ላይ ቆሻሻን ወደ ኃይል የሚቀይረው ጣቢያ በ2010 ተመርቋል፣ እ.ኤ.አ. በ2027 ደግሞ የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ ኮፕ 32 እዚያው ይካሄዳል። ጥሩ ነው። ፍርሃቴ ግን ጉባኤው ሲቃረብ ትናንሽ ከተሞችም «ዕቅድ አውጡ» ይባሉና የአዲስ አበባው ተገልብጦ ስሙ ብቻ ተቀይሮ ይመጣል የሚል ነው። ቆቦ ባቡር አያስፈልጋትም። ቆቦ ላይ በመኪና ጭስ ከሚታመመው ይልቅ በምጣድ ጭስ የሚታመመው ይበልጣል። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚያልፈው ከባድ መኪናም ባጃጁም ድርሻ የላቸውም አልልም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ይታወቅ።

ችግኝ መትከልም ቢሆን እንዲሁ ነው። ከ2011 ጀምሮ በየክረምቱ እንተክላለን፤ የቆቦን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው የጥላን ዋጋ አይንቅም። ነገር ግን በሐምሌ ችግኝ ተክለን በጥር ግራሩን ለከሰል ብንቆርጥ ምን አተረፍን? አንድ ኪሎ ከሰል በባህላዊ መንገድ ለማክሰል ከአምስት ኪሎ በላይ እንጨት ይፈጃል። መንገድ ዳር የተደረደረውን ማዳበሪያ ከሰል ስታዩ ከኋላው ያለውን እንጨት አብራችሁ እዩ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። ብዙ ጊዜ ለእናቶች የምንሰጠው ምክር «ምድጃሽን ቀይሪ» የሚል ነው። እኔም ይህን ምክር እሰጣለሁ። ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ድረስ ይቆጥባል፤ ለደኑም ለኪስም ትልቅ ነገር ነው። ሳንባን በተመለከተ ግን እውነቱን እንነጋገር። በማላዊ ገጠር ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናት የተሳተፉበት ጥናት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2017 ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ለግማሹ መንደር ጭስ የሚቀንስ ዘመናዊ የማገዶ ምድጃ ተሰጠ፣ ለግማሹ አልተሰጠም። የሕፃናቱ የሳንባ ምች መጠን በሁለቱ መካከል አልተለያየም። ለምን? አጥኚዎቹ ካነሷቸው ምክንያቶች አንዱ ቤተሰቡ ምድጃ ቢቀይርም ከሌላ ቦታ ጭስ መሳቡን አለማቆሙ ነው፦ ከሚቃጠል ቆሻሻ፣ ከሲጋራ፣ ከሌላ እሳት።

ጭስ አጥር አያውቅም። እናንተ በኤሌክትሪክ ምጣድ ብትጋግሩ የጎረቤት ጭስ በመስኮት ይገባል፤ የናንተ ጓዳ ቢጸዳ ከግቢው ጀርባ ፌስታል ይቃጠላል። ለዚህ ነው ጉዳዩ የአንዲት እናት ምርጫ ሳይሆን የከተማ ዕቅድ ነው የምለው። እናቶችን ብቻ መምከር የሐኪሙንም የአስተዳደሩንም ሥራ ለእነሱ መጣል ነው።

ይህን ከዚህ ቀደም ያደረገ ከተማ አለ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1952 ለንደን አምስት ቀን በከሰል ጭስ ታፈነች፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ሞተ። ብዙው ጭስ ከየቤቱ የእሳት ማሞቂያ የወጣ ነበር። በ1956 የወጣው የንጹሕ አየር ሕግ ግን ሕዝቡን «አታጭሱ» ብሎ ብቻ አልተወም። ማዘጋጃ ቤቶች ጭስ የማይፈቀድባቸውን ሰፈሮች እየለዩ እንዲያውጁ ሥልጣን ሰጠ፤ ማሞቂያውን ለመቀየር ከሚወጣው ወጪም ሰባ በመቶ ያህሉን መንግሥትና ማዘጋጃ ቤቱ ሸፈኑት። ሰፈር በሰፈር፣ በዓመታት ውስጥ ተሠራ። ቆቦ ለንደን አይደለችም፣ ካዝናዋም አይገናኝም። የአሠራሩ ጭብጥ ግን ይሠራል፤ በአንዴ ከተማውን ሁሉ ሳይሆን አንድ ቀጠና ወስዶ፣ እዚያ ያለውን ቤት ሁሉ አብሮ መቀየር።

ቀያሪው ምን ይሁን? መብራት ነው። የኢትዮጵያ መብራት ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውኃና ከነፋስ ነው የሚመነጨው፤ በጳጉሜ 2017 የተመረቀው ሕዳሴ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ስለዚህ ምጣዱ ወደ መብራት ሲዞር ጭሱ ወደ ሌላ ቦታ አይዛወርም፤ ይቀራል። ብዙ የዓለም አገሮች ይህ ዕድል የላቸውም።

ዳሩ ግን ሕዳሴ ኃይል ማመንጨቱ ቆቦ ላይ ምጣድ አያሞቅም። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል። ለአምፖልና ለቴሌቪዥን ተብሎ የተተከለ ትራንስፎርመር ላይ የሰፈሩ ምጣድ ሁሉ በአንድ ጠዋት ሲሰካ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። በጦርነቱ ወራት ቆቦ በጨለማ መክረሟንም ማንም አልረሳውም፤ ያኔ ወደ ጉልቻ የተመለሰ ቤት ብዙ ነው፣ «መብራት አይታመንም» ብሎ እዚያው የቀረም አለ። ሰው ሊጡን አቡክቶ መብራት ቢጠፋበት ሊጡ አይጠብቀውም።

ታሪፉም ሌላ ጣጣ ነው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ የመብራት ዋጋ ለአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ይሄዳል፤ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት በዝቅተኛው እርከን ይደጎማል። እስቲ አብረን እናስላ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል የሚጋግር ቤት ለምጣዱ ብቻ በወር ከ65 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይፈጃል። አምፖሉ ሳይቆጠር ከድጎማው እርከን ወጣ ማለት ነው! ጉልቻውን ትቶ ጭስ የቀነሰ ቤተሰብ የሚከፍልበት እርከን ከፍ ይላል። ይህ በእኔ እምነት መስተካከል ያለበት ነገር ነው፤ ለምጣድ የተለየ ሰዓትና የተለየ ዋጋ ማውጣት ይቻላል።

ሌላም መንገድ አለ። እንጀራ በየቀኑ አይጋገርም። ስለዚህ አንድ ምጣድ ተራ ወጥቶለት ለአምስትና ስድስት ቤት ይበቃል። በየቀጠናው አስተማማኝ መስመር የተዘረጋለት የጋራ መጋገሪያ ቤት ቢሠራ፣ ዕድሩ ወይም የሴቶች ማኅበሩ ቢያስተዳድረው፣ መስመሩን ለእያንዳንዱ ቤት ከማጠናከር ይረክሳል። ቅድሚያውም እንጀራ ጋግረው ለሚሸጡ ሴቶችና ለምግብ ቤት ጋጋሪዎች ይሁን። እነሱ ጭስ የሚስቡት በሳምንት ሦስቴ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ነው። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ለጉድጓድ ውኃ ፓምፕ መብራት ዘርግቷል፤ ለፓምፕ የታሰበውን ያህል ለምጣድ የማይታሰብበት ምክንያት አይታየኝም። ምናልባት ፓምፑን የሚጠይቀው ወንድ ስለሆነ ይሆን?

ቆሻሻውን ባጭሩ ልለፈው። በ2017 የተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። አዋጁ ቆቦ ገበያ እስኪደርስ ቢያንስ ማቃጠሉ ይቁም፤ ፌስታል ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ከእንጨቱ የከፋ መርዝ አለበት። የሚበሰብሰውን ለይቶ ብስባሽ ማድረግ ደግሞ ለአትክልት አልሚው ማዳበሪያ ነው።

«ጭስ ወባን ያባርራል» የሚሉኝም አሉ። ቆቦ የወባ አገር ስለሆነች ጥያቄው ተገቢ ነው። ጭስ ትንኝን ጥቂት ሊያርቅ ይችል ይሆናል፤ ከወባ እንደሚከላከል ግን በቂ ማስረጃ የለም። ከወባ የሚከላከለው አጎበር ነው። የቡናውን ዕጣን ግን አልነካም፤ ወሎ ላይ እሱን ነክቶ በሰላም የሚኖር ሐኪም የለም። መስኮቱን ብቻ ክፈቱልኝ።

ዕቅዱ እስኪመጣ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ? የምትችሉ ከመኖሪያ ክፍል ውጭ፣ ሁለት በኩል ክፍት በሆነ ቦታ ጋግሩ። እንጨቱና አገዳው በደንብ ይድረቅ፤ እርጥብ ማገዶ ጭሱ እጥፍ ነው። ሕፃን አዝላችሁ ምጣድ ላይ አትቁሙ፤ እርጉዝ ሴት ካለች ሌላ ሰው ይተካት። ከሰል ጭስ የለውም ብላችሁ ዘግታችሁ እንዳትተኙ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ በእንቅልፍ ይገድላል። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ካሳለ ደግሞ በተረጋጋበት ሰዓት ልብሱን ገልጣችሁ ትንፋሹን ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ከሁለት ወር በታች ከሆነ 60 እና ከዚያ በላይ፣ እስከ አንድ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከዚያ በላይ ላለው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ሽሮፕ ፍለጋ ሳትሄዱ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

የቆቦና የአካባቢዋ ልጆች፣ አንድ ነገር ጠይቄያችሁ ልሰናበት። በቀጠናችሁ መብራት በሳምንት ስንት ቀን፣ በየትኛው ሰዓት ምጣድ የሚያሞቅ ኃይል አለው? ቀበሌያችሁን ጠቅሳችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። መልሶቹን ሰብስቤ ለከተማው አስተዳደርና ለመብራት አገልግሎቱ በደብዳቤ አቀርባለሁ፤ የሚሰጡኝን መልስም እዚሁ ገጽ ላይ አወጣዋለሁ።